ሳንፋታ የተፋታንባት ወረቀት

በ2011 ዓ.ም. ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ይህ መዝገብ ላይ ያለው ዕድሜ ነው፤ እናቴ ብትኖር ኖሮ አንድ ሁለት ዓመት ትጨምርበት ይሆናል። ለጡረታ የሚቆጠረው ግን ስቀጠር ያስጻፍኩት ስለሆነ እኔም በእሱ እሄዳለሁ። ሥራዬ የበር ጥበቃ ነበር። ወረታ ላይ፣ የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ ከሚለያዩበት አለፍ ብሎ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አለ፤ እዚያ በር ላይ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆሜያለሁ። ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ነው። ረጅም ቃል ሲመጣብኝ ዛሬም በጣቴ እየተከተልኩ ነው የማነበው። ልጆቼ “አንተ ተናገር፣ እኛ እንጻፍልህ” ብለውኝ ነበር፤ እምቢ አልኩ። እነሱ ቢጽፉት ያሳምሩታል። እኔ የምፈልገው የሆነውን ነው።

የምጽፈው ለማመስገን ነው። የማመሰግናቸው ሁለት ሴቶች ናቸው። አንዷ የመሥሪያ ቤታችን የሠራተኛ መዝገብ ያዥ የነበረች፣ ከወሎ ተዛውራ የመጣች ልጅ ናት። ሁለተኛዋ ሚስቴ ናት። ሚስቴን ፊት ለፊት ማመስገን ስለማይሆንልኝ እዚህ ላይ አድርጌዋለሁ።

ኅዳር ላይ ነው፤ ሩዙ እየታጨደ ነበር። መዝገብ ያዧ በመስኮት ጠራችኝ።

“አባባ፣ ይግቡና ይቀመጡ።”

“እዚሁ ሆኜ እሰማለሁ።”

“ነገሩ ረጅም ነው።”

“ረጅም ከሆነማ ጭራሽ አልቀመጥም። በሩን ማን ያየዋል?”

ተወችኝና እሷ ወደ በሩ መጣች። ፋይሌን ታቅፋለች። ያን ያህል ወፍራም መሆኑን አላውቅም ነበር። በሚቀጥለው ሐምሌ ጡረታ እንደምወጣ፣ ከዚያ በፊት ወረቀቴን ማሟላት እንዳለባት ነገረችኝ። ፎቶ አለ፣ የልጆች ልደት አለ፤ ከዚያ አንድ ገጽ ላይ ቆመች።

“ባለትዳር ነዎት እንዴ?”

“ነኝ እንጂ።”

“ከማን ጋር?”

ስሟን ነገርኳት። መልሳ ገጹን አየችው።

“እዚህ ላይ እኮ ከሴትየዋ ጋር ተፋተዋል ይላል።”

እንግዲህ ያችን ወረቀት ከረሳኋት ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። መርሳት ብቻ አይደለም፤ መኖሯንም ብትጠይቁኝ የለችም ብዬ በሚካኤል እምል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤታችን ከቁሐር ሚካኤል ወዲያ ሜዳው ላይ ነው። ያኔ መሬት እንደገና ሲደለደል፣ ደመወዝ የሚበላ ሰው ከነሚስቱ ድርሻ የለውም የሚል ወሬ በመንደራችን ገባ። ባል የሌላት ሴት ግን ይደርሳታል ተባለ። የእኔ ደመወዝ ደግሞ ለስድስት ነፍስ ወር የማትደርስ ነበረች። እንደኛ ያሉ ሌሎችም ሲያደርጉት አየንና እኛም ሦስት ሽማግሌ ለመንን። ዛፍ ሥር ተቀምጠው አፋቱን። የሚጽፈው ሰው “በምን ምክንያት ልበል?” ሲል ሚስቴ ቀድማኝ “ያንኮራፋል ብለህ ጻፍ” አለችው። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እሱ “በጠባይ ባለመስማማት” ብሎ ጻፈው። ከዚያ ተነሥተን አብረን ወደ ቤታችን ሄድን።

ይህ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። መሬት የሚደለድለው ኮሚቴ ሚስት እንደሌለህ ከመሥሪያ ቤትህ ማረጋገጫ አምጣ አለኝ። እኔ ብልጡ የፍቺዋን ወረቀት ይዤ ሄድኩና “ፋይሌ ውስጥ ትግባልኝ” ብዬ በራሴ እጅ ሰጠሁ። ደብዳቤው ተጻፈልኝ፤ መሬቱ ለእሷ ወጣላት። ወረቀቷ እዚያው ቀረች። ትክክል ነበር አልልም። ከእኛ ይልቅ የቸገረው ሰው ድርሻ ቀንሶበት ይሆናል፤ ይህንንም ለንስሐ አባታችን ተናግሬ የታዘዝኩትን ፈጽሜያለሁ።

መዝገብ ያዧ ይህን ሁሉ ስነግራት ሰማችኝ። ከዚያ የልጆቹን ልደት አገላበጠች።

“የመጨረሻዋ ልጅ የተወለደችው ከተፋታችሁ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው።”

“አዎ።”

“እናቷም ይችው ናት።”

“ክረምቱ ረዘመ” አልኳት። ፋይሉን ፊቷ ላይ ጋርዳ ሳቀች።

ሳቋን ስትጨርስ ግን ነገሩን በደንብ አስረዳችኝ። ከዚያ በፊት ማንም አስረድቶኝ አያውቅም፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም። በየወሩ ከደመወዜ የሚቆረጠው ለእኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። እንዲህ አለችኝ፦ ጡረታው እርስዎ በሕይወት እስካሉ የእርስዎ ነው። እርስዎ ሲሞቱ ግማሹ ለሚስትዎ ይቀጥላል፤ እሷ እስካለች ይከፈላታል። ልጆችዎ አድገዋል፣ እነሱ የላቸውም። ሚስት ከሌለዎት ደግሞ ያ ግማሽ ወደ ማንም አይሄድም፤ እዚያው ይቀራል።

“አለችኝ እያልኩሽ።”

“ቤትዎ አለች። እዚህ የለችም” አለችና ፋይሉን በጣቷ መታ መታ አደረገችው።

“ገልብጠን ብናየውስ? ደመወዝተኛዋ እሷ ብትሆን ኖሮ?”

“እርስዎም ከእሷ ጡረታ ግማሹን ይወስዱ ነበር።”

“ወንድ ልጅ በሚስቱ ይጦራል?”

“ይጦራል እንጂ። ባልና ሚስቱ ሁለቱም የመንግሥት ሠራተኛ ቢሆኑም አንዱ ለአንዱ ይተርፋል። ሕጉ ማን ሱሪ እንደለበሰ አይጠይቅም፤ ጋብቻ አለ ወይ ነው የሚለው።”

መፍትሔውንም ነገረችኝ። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ቀበሌያችን ወሳኝ ኩነት መዝገብ ቤት ሄደን እንጋባና የጋብቻ ምስክር ወረቀቱን አመጣለሁ። በቃ፣ ይኸው ነው።

እኔ ግን እምቢ አልኩ። ያልፈታኋትን ሚስት እንዴት እንደገና አገባለሁ? በስድሳ ዓመቴ ሙሽራ ልባል ነው? “ሰርዢው፣ ውሸት ነበር ብለሽ ጻፊበት” አልኳት። “እኔ መዝገብ እይዛለሁ እንጂ አልሰርዝም” አለችኝ። ተኮራረፍን። ማለት እኔ አኮረፍኩ፤ እሷስ በየጠዋቱ ስትገባ “አባባ፣ አገቡ?” ትለኛለች። “አላገባሁም” እላለሁ። “ሌላ ሰው ይፈለግልዎ?” ትላለች። ከእኔ ጋር የሚጠብቀው ጓደኛዬም ነገሩን ሰማና “ሙሽራው፣ ሚዜ አታጣም፣ እኔ አለሁ” እያለ ነዘነዘኝ። ለሚስቴ ምንም አልነገርኳትም።

ልቤን የሰበረው ሌላ ነገር ነው። ከእኛ ጋር በዚያው በር የሚጠብቅ አንድ ሰው ሞቶብን ነበር። ሚስቱ የጡረታውን ነገር ለመጠየቅ በየሳምንቱ እየመጣች በሩ ላይ ትቀመጣለች። እነሱ እንደኛ አልተፋቱም፤ ከመጀመሪያውም ወረቀት አልነበራቸውም። ተዋደው አንድ ቤት ገቡ፣ ኖሩ፣ እሱ ሞተ። ፍርድ ቤት ሚስቱ መሆንሽን በምስክር አስረጂ ተብላ ነበርና እኔን ምስክር ቆጠረችኝ። ደስ ብሎኝ ሄድኩ።

ዳኛው ወጣት ሰው ነው። “ሲጋቡ አይተዋል?” አለኝ።

“አላየሁም። ምሳውን ስታመጣለት ግን አይቻለሁ።”

“ምሳ እህትም ታመጣለች።”

“እህት እንዲህ እየተቆጣች አታመጣም” አልኩት።

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ዳኛውም ፈገግ ብሎ ጻፈ። ጉዳዩ ግን ለሌላ ምስክር ተቀጠረ። ሴትዮዋ ከሌላ መንደር ሰዎች አምጥታ በኋላ እንደተፈረደላት ሰምቻለሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ ግን ያን ቀን ከፍርድ ቤቱ ስወጣ የራሴን ቤት አሰብኩ። እኔ ብሞት ሚስቴ ማንን ምስክር ልትጠራ ነው? ዛፍ ሥር ከተቀመጡት ሽማግሌዎች ሁለቱ ሞተዋል። ሦስተኛው አለ፤ እሱ ቢጠራ፣ እውነተኛ ሰው ስለሆነ፣ “አዎ፣ እኔው ራሴ ነኝ ያፋታኋቸው” ይላል። እሷም እንደዚያች ሴት በሩ ላይ ትቀመጣለች። እኔ የቆምኩበት በር ላይ።

በባጃጅ እስከ መታጠፊያው ሄጄ የቀረውን በእግሬ ተጓዝኩ። ሚስቴ ሩዙን እያስወቃች ነበር። ገለባው ጸጉሯ ላይ ተሰክቷል። ነገሩን ከጅምሩ እስከ መጨረሻው ነገርኳት። እስክጨርስ ሥራዋን አላቆመችም።

“እና አሁን ልታገባኝ መጣህ?” አለች።

“ወረቀቱን ለማስተካከል ነው።”

“ለወረቀቱ ከሆነ ወረቀቱን አግባው።”

“አንቺ ሴት፣ የምለፋው ላንቺ ነው። እኔማ ሞቼ ምን ያደርግልኛል?”

ያኔ ቀና አለች። “ስማ” አለችኝ፣ “የመሬቱ ደብተር ላይ ያለው ፎቶ የእኔ ብቻ ነው። ካገባሁህ ያንተም ይለጠፋል። ከዚያ የታችኛውን ማሳ ለወንድምህ ልጅ እንስጠው የምትለውን ነገር እንደገና ታነሣዋለህ። እስከ ዛሬ እምቢ ያልኩህ ደብተሩን ይዤ ነው። አንተ ስትሞት የሚመጣው ግማሽ ጡረታ ጥሩ ነው። አንተ እያለህ ያለው ደብተር ግን ይበልጥብኛል።”

እውነቷን ነው፤ ያን ማሳ የወንድሜ ልጅ አርሶ ምርቱን እኩል ያካፍለን፣ እንስጠው ብዬ ሦስት ዓመት ነዝንዣታለሁ። ስነዘንዝም “መሬቴን” እያልኩ ነው። ተነሥቼ ሄድኩ። እምቢ ማለት የእኔ ጠባይ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ስምንት ቀን ያህል ነገር ሳንነጋገር በላን ጠጣን። ከዚያ መዝገብ ያዧ ዘንድ ሄድኩ። ይህን ጊዜስ ወንበር ሳብኩና ተቀመጥኩ።

“ሙሽሪት እምቢ አለች” አልኳት።

“ምነው?”

ነገርኳት። እርሳስ ጆሮዋ ላይ ሰክታ ጥቂት አሰበችና “ይሄማ ቀላል ነው” አለች። “መሬቱን ያገኘችው ያላገባች ሆና ነው። ከጋብቻ በፊት የነበራት የግሏ ነው፤ እንደዚያ ብላችሁ የጋብቻ ውል ጻፉና ሁለታችሁም ፈርሙ። ደብተሩ አይነካም። ጡረታውም ይተላለፋል።”

“እኔ መሬቱ የእኔ አይደለም ብዬ ልፈርም?”

“ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ፈርመው የለም እንዴ፣ አባባ?”

“አንቺ ለማን ነው የምታደዪው?” አልኳት።

“ለመዝገቡ።”

ወደ ቤቴ ስመለስ በማሳው በኩል ዞርኩ። አውቄ ነው የዞርኩት። ሩዙ ታጭዶ ማሳው ራቁቱን ነበር፤ ዙሪያውን ያለው እርከን ግን እንዳለ ቆሟል። ይህን እርከን ማን ሠራው ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። በየክረምቱ ጎርፉ ሜዳውን ሲውጠው እኔ ወረታ ላይ፣ ቆርቆሮ ሥር፣ ደረቅ ቦታ ቆሜ ነው። እሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ ሆና አፈር ትከምራለች። ሩዝ መዝራት ሰው ገና ሲፈራው የጀመረችው እሷ ናት። እኔ ያኔ “ይሄ የውጭ አገር ሰው ምግብ ነው” ብዬ ተቆጥቻት ነበር። የመንደር ስብሰባ ላይ ስለ ቦይ የምትናገር እሷ፣ ለማዳበሪያ የምትሰለፍ እሷ። እኔ ቅዳሜና እሁድ እየመጣሁ “መሬቴ” እላለሁ። ከሠላሳ ዓመት በላይ የሰው ንብረት ጠብቄያለሁ፤ የእኔ ነው ብዬ ግን አላውቅም። የሚስቴ ንብረት ሲሆን ይህ ጠፋኝ።

ቤት ገባሁና “እፈርማለሁ” አልኳት።

“ምኑን?”

“መሬቱ ያንቺ ነው ብዬ።”

“አሞሃል?” አለች።

“አላመመኝም።”

“እንግዲያስ ሽማግሌ ላክ።”

እየቀለደች መስሎኝ ነበር። አልቀለደችም። ያን ጊዜ ለፍቺ ሦስት ሽማግሌ ለምነን፣ አሁን ለጋብቻ አንድ እንኳ ብናጣ ነውር ነው አለችኝ። ስለዚህ በሕይወት የቀረውን ሽማግሌ፣ ራሱ ያፋታንን፣ የንስሐ አባታችንንና የእሷን ወንድም ላክሁ። የራሴ ቤት ውስጥ ገብተው፣ እኔ ደጅ ቆሜ፣ ሚስቴን ከወንድሟ ጠየቁልኝ። ወንድሟ በሁለቱም ወገን ስለነበረ ራሱ ጠይቆ ራሱ መለሰ። ሽማግሌው ሲወጣ ትከሻዬን ይዞ “ማንኮራፋቱን አሁንም አልተውክም አሉ፤ ግን ፈቅዳለች” አለኝ።

ጥር ላይ፣ ከጥምቀት በኋላ፣ ቀበሌ ሄድን። ምስክሮቹ አራት ናቸው፤ ሁለት በእሷ፣ ሁለት በእኔ። ጓደኛዬ እንደዛተው ሚዜ ሆኖ መጣ፣ ኮት ለብሶ። መዝጋቢው ልጅ ውሉን አነበበልን። የመሬቱ ነገር ያለበት ላይ ሲደርስ “ቆይ፣ እኔ ላንብበው” አልኩ። በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። ሰው ሁሉ ጠበቀኝ። ሚስቴም ጠበቀችኝ። ስጨርስ ስሜን ጽፌ ፈረምኩ፤ የጣት አሻራ አላደረግሁም።

ከዚያ መዝጋቢው “በፈቃዳችሁ ነው የምትጋቡት?” አለ። እኔ “አዎ” አልኩ። ሚስቴ መዝገቡን ታያለች።

“እትዬ?” አለ ልጁ።

“ላስብበት” አለች።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ፈራሁ። አምስት ልጅ የወለደችልኝ ሴት ናት፤ ግን ያን ጊዜ እምቢ ብትል ምንም ላደርግ አልችልም ነበር። መጀመሪያ የተጋባን ጊዜ እሷን ማንም አልጠየቃትም፤ አባቷ ነው የመለሰው። ይህን ያሰብኩት እዚያ ቆሜ ነው። ከዚያ ነጠላዋን አስተካከለችና “አዎ፣ በፈቃዴ ነው” አለች። ንስሐ አባታችን “ዳግመኛ ስትፋቱ እኔን እንዳትጠሩኝ” አሉ፤ ተሳሳቅን፣ ወጣን። በመንገድ ላይ ከኋላዬ እየመጣች ሳለ “ታችኛውን ማሳ ለወንድምህ ልጅ እሰጠዋለሁ” አለችኝ። “ለዘንድሮ ብቻ። እኔ ስለፈለግሁ ነው።” እሺ አልኳት።

አሁን ጡረታ ከወጣሁ ዓመታት አልፈዋል። በየወሩ ይደርሰኛል፤ ተመስገን። ስሞት ግማሹ ለእሷ እንደሚቀጥል ስለማውቅ መሞትን ድሮ እንደምፈራው አልፈራውም። ያች የወሎ ልጅ ወደ አገሯ ተዛውራ ሄደች። ያን ቀን ፋይሌን ሳታነብ ብታልፈው ኖሮ ማን ይወቅሳት ነበር? ማንም። እኔም ጡረታዬን እየበላሁ ሳላውቀው እሞት ነበር። ባለችበት እግዚአብሔር ይስጣት።

በተጋባን ማግሥት ጠዋት ፀሐይ ሳትወጣ ተነሥቼ ወረታ ሄድኩ። የምስክር ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልዬ ደረቴ ውስጥ ይዣለሁ። ቁልፉ እኔ ዘንድ ስለሆነ መሥሪያ ቤቱን እኔው ከፈትኩት፤ ከዚያ መዝገብ ያዧ እስክትመጣ በራፏ ላይ ቆምኩ። መጥታ አየችኝና ያን ቀን “አገቡ?” አላለችኝም። ወረቀቱን ተቀበለች፣ ፋይሉን አወጣች።

“አሮጌዋን ልቅደዳት?” አልኳት።

“መዝገብ አይቀደድም፣ አባባ። አዲሱ ከላይ ይሆናል።”

ከላይ አደረገችው። የሚስቴን ስም በቅጹ ላይ ጻፈችና እንዳየው ወደ እኔ አዞረችልኝ። አነበብኩት። ደህና አድርጋ ጽፋዋለች። አመሰገንኳትና በሩ ላይ መኪና ጥሩምባ እየነፋ ስለነበረ ልከፍትለት ወጣሁ።